ሰማንያ ሳትፈራረሙ አብራችሁ ትኖራላችሁ? መብታችሁን ከአሁኑ እንዲህ አስይዙ

የሰፈራችን አንዲት ሴት ከአንድ ሰው ጋር 9 ዓመት ኖራለች። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እሷ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ቤቱን የሠሩት አብረው ነው። ብሎኬት ሲራገፍ ቆማ ቆጥራለች፣ ቆርቆሮ ሲመታ ለሠራተኞቹ ምሳ አቅርባለች። ሰማንያ ግን አልተፈራረሙም። "ትንሽ ገንዘብ እንያዝና ደግሰን እንጋባለን" ሲሉ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ሰውየው ድንገት ሞተ። አርባው ሳይወጣ ወንድሞቹ መጡና "አንቺ እኮ ለሥራ የገባሽ ነሽ፣ ቤቱን ልቀቂ" አሏት።

እኔም ምስክር ሆኜ ችሎት ቆሜላታለሁ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ሕጉ ለእሷ ቦታ ነበረው። የከበዳት መብቷን ማስረዳቱ ነው። ፍቅር ባለበት ቤት ማን ደረሰኝ ያስቀምጣል? ይህን መመሪያ የምጽፈው እንደ እሷ ጠቅልለው ገብተው፣ ወረቀቱን ለነገ ላሳደሩ ሰዎች ነው።

መነሻዬ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ብዙው ነገር ይመሳሰላል። በዝርዝሩ ግን ልዩነት ሊኖር ስለሚችል፣ ክልል የምትኖሩ ሰዎች ቁጥሮቹን በአቅራቢያችሁ ካለ የሕግ ባለሙያ ጋር አመሳክሩ።

1. በመጀመሪያ፣ እውነት ያልተጋባችሁ መሆናችሁን አጣሩ

ይህ ሞኝ ጥያቄ ይመስላል። አይደለም። "እኔና እሱ አልተጋባንም" የሚሉ ብዙ ሰዎች በሕግ ዓይን ባልና ሚስት ናቸው።

ሕጋችን ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል። አንዱ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸመው ነው። ሁለተኛው በሃይማኖት ሥርዓት፣ ሦስተኛው በባህል የሚፈጸመው ነው። ሦስቱም እኩል ናቸው። እንግዲህ አስቡት። ሽማግሌ ተልኮ ነበር? ቤተሰብ መርቆ ሰጥቷል? ጥሎሽ ተጥሏል? ትንሽም ብትሆን ድግስ ነበረች? ከሆነ በአካባቢያችሁ ባህል ተጋብታችሁ ይሆናል። ማዘጋጃ ቤት አለመሄዳችሁ ወይም የምስክር ወረቀት አለመያዛችሁ ጋብቻውን አያፈርሰውም። ወረቀት ከሌለ ሰው ያስረዳል። ሁለታችሁ እንደ ባልና ሚስት እየተያያችሁ ከኖራችሁ፣ ቤተሰብና ጎረቤትም እንደ ባልና ሚስት ካያችሁ፣ ፍርድ ቤት ጋብቻ አለ ብሎ መወሰን ይችላል።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጋብቻ ካለ የንብረት መብት ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ጋብቻ ከሌለ፣ ቀጥሎ እንደምታዩት፣ ዓመት መቁጠር ይመጣል።

ጋብቻ በምንም መልኩ ካልነበረ ደግሞ ሕጉ ሌላ በር ከፍቷል። ስሙ "ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር" ነው። አንቀጽ 98 እና 99ን ተመልከቱ። የሚጠየቀው የአኗኗራችሁ ሁኔታ ነው። ኑሯችሁ የተጋቡ ሰዎችን ኑሮ መምሰል አለበት። አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፣ የጋራ ወጪ፣ የጋራ ጣጣ። "ተጋብተናል" ብላችሁ ለሰው መናገር ግዴታ አይደለም። በሌላ በኩል ፍቅረኛሞች መሆን ብቻውን አይበቃም። ሰፈር ሁሉ ቢያውቅ፣ ግንኙነቱ ዓመታት ቢቆይ፣ ቅዳሜና እሑድ እሱ ቤት ማደር አብሮ መኖር አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አብራችሁ የምትኖሩት ሰው ያልፈረሰ ትዳር እንደሌለው አጣሩ። "ተለያይተናል፣ ከተለያየን ቆየን" የሚል ቃል አይበቃም። የፍቺ ውሳኔውን በዓይናችሁ እዩ። ትዳሩ ካልፈረሰ ሕጋዊ ሚስቱ በጋራ ንብረታቸው ላይ ያላት መብት አለ። እናንተ ላባችሁን ያፈሰሳችሁበት ቤት የሦስት ሰዎች ክርክር ውስጥ ይገባል።

2. ሦስቱን ዓመት ቁጠሩ

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ጋብቻ አብረው ለሚኖሩ ሰዎች የጋራ ንብረት አያውቅላቸውም ነበር። ሴትየዋ ሃያ ዓመት ኖራ ባዶ እጇን ትወጣ ነበር። ይህን የለወጠው የ1992ቱ ሕግ ነው። አንቀጽ 102 እንዲህ ይላል፦ አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ካላነሰ፣ አብረው ሲኖሩ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው።

ይህን ዓረፍተ ነገር በደንብ አንብቡት። ሦስት ዓመት ሞላ ማለት ከሦስተኛው ዓመት በኋላ የተገዛው ብቻ የጋራ ይሆናል ማለት አይደለም። አብሮ መኖር ከተጀመረበት ቀን አንስቶ የተፈራው ሁሉ ይገባበታል። ደሞዝ፣ የንግድ ትርፍ፣ የተሠራ ቤት፣ የተገዛ መኪና፣ በባንክ ያለ ገንዘብ፣ የዕቁብ ዕጣ። የመኪናው ሊብሬ በእሱ ስም ስለሆነ ብቻ የእሱ አይሆንም። ካርታው በእሷ ስም ስለወጣ ብቻ የእሷ አይሆንም።

የማይገባውስ? አብራችሁ መኖር ከመጀመራችሁ በፊት የነበረው የየግል ነው። በኋላም ቢሆን በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘው ለባለቤቱ ይቀራል። ከአባቷ የወረሰችው ቤት የእሷ ነው። የቤቱ ኪራይ ግን ሌላ ነገር ነው። ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ ባልና ሚስት ዘንድ የጋራ ነው፤ አብረው በሚኖሩ ሰዎች ክርክርም ይኸው ይነሳል።

ዕዳም አብሮ ይመጣል። ለቤት አስቤዛ፣ ለልጅ ትምህርት፣ ለሕክምና ተብሎ አንዳችሁ የተበደራችሁት ሁለታችሁንም ያስጠይቃል።

እንግዲህ ማድረግ ያለባችሁ ነገር ቀላል ነው። አብራችሁ መኖር የጀመራችሁበትን ቀን ጻፉት። "በገና ሰሞን ነው መሰለኝ" አይጠቅምም። ያን ቀን የሚያሳይ ነገር ፈልጉ። የመጀመሪያው የኪራይ ውል፣ ዕቃ የተጫነበት ቀን፣ ፍሪጅ የተገዛበት ደረሰኝ። ሁለት ዓመት ከዐሥር ወርና ሦስት ዓመት ከአንድ ወር በችሎት ሰማይና ምድር ናቸው።

3. ማስረጃውን በሰላሙ ቀን ሰብስቡ

ወደ ጎረቤቴ ልመልሳችሁ። ችሎት ላይ ወንድሞቹ ሁለት ምስክር አቀረቡ። እኛም ቀረብን። የሰው ምስክር በሰው ምስክር ሲጣላ ዳኛው ምን ያድርግ? በመጨረሻ ሚዛኑን የደፋው የእድር ደብተር ነው። ሰውየው ከ7 ዓመት በፊት እድር ሲገባ በራሱ እጅ "ባለቤት" በሚለው ቦታ የእሷን ስም ጽፎ ነበር። እናቷ ስትሞትም እድሩ ድንኳን የተከለው በእሱ አባልነት ነው። ይህን ማንም ሊያስተባብል አልቻለም።

ስለዚህ መጀመሪያ እድራችሁን እዩ። የሁለታችሁም ስም አለ? ከሌለ በዚህ ወር አስገቡ። ጸሐፊውን መጠየቅ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ወረዳ ሂዱ። በአንድ ቤት ቁጥር ሁለታችሁም የተመዘገባችሁበት ቅጽ ጥሩ ማስረጃ ነው። የኪራይ ቤት ውስጥ ካላችሁ ውሉ በሁለታችሁ ስም ይሁን። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ዝቅተኛው የኪራይ ዘመንም ሁለት ዓመት ነው። ስማችሁ ውሉ ላይ ካለ ሁለት ጥቅም አገኛችሁ፤ ብትጣሉ ማናችሁም "ውጣ" አትባሉም፣ አብሮ የመኖሩም ቀን ተመዘገበ።

ከዚያ በኋላ የቀረውን በአንድ ፌስታል ወይም ፋይል ሰብስቡ። የሆስፒታል ካርድ ላይ በአስታማሚነት የተጻፈ ስም። የልጆች ትምህርት ቤት ቅጽ። የክርስትና ወይም የአቂቃ ፎቶ። በሰርግ ጥሪ ወረቀት ላይ "ለአቶ እከሌና ለባለቤታቸው" የሚል ጽሑፍ። ሥራ ቦታ ለድንገተኛ ጊዜ የተመዘገበ ተጠሪ። የሲሚንቶና የብረት ደረሰኝ፤ በተለይ በእናንተ ስም የተቆረጠ ከሆነ። በባንክ ወይም በቴሌብር የላካችሁት ገንዘብ። ገንዘብ ስትልኩ በምክንያት ቦታው ላይ "ለቤቱ ጣሪያ" ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይወስድም። ከዓመታት በኋላ ግን ትልቅ ነገር ይሆናል።

ሁሉንም ፎቶ አንሱና ቅጂውን ከቤት ውጭ አስቀምጡ። እህት ጋ ወይም የምታምኑት ጓደኛ ጋ። ጠብ በተነሳ ቀን መጀመሪያ የሚጠፋው ፌስታሉ ነው።

ስለ "ያላገባ" ማስረጃ ደግሞ ላንሳ። ብዙ ሰዎች አብረው እየኖሩ ከወረዳ የ"ያላገባ" ወረቀት ያወጣሉ። ለኮንዶሚኒየም፣ ለዐረብ አገር ጉዞ፣ ለባንክ ብድር። ወረቀቱ አብሮ ስለመኖር አይናገርም፣ ስለ ጋብቻ ነው የሚናገረው። ስለዚህ አብሮ የመኖር መብታችሁን ብቻውን አይነጥቃችሁም። ነገር ግን በኋላ "በባህል ተጋብተናል" ብላችሁ ብትከራከሩ ያው ወረቀት ፊታችሁ ይዘረጋል። በቀላሉ አታውጡት።

4. ትልቅ ንብረት ላይ ስማችሁን አስገቡ፣ ካልሆነ ውል ጻፉ

ከሁሉም የሚሻለው በሁለት ስም መግዛት ነው። ካርታው ወይም ሊብሬው በሁለታችሁ ስም ከወጣ የሦስት ዓመቱ ቆጠራ አያሳስባችሁም። የጋራ ባለቤቶች ናችሁ፣ አለቀ።

ያ ካልተቻለ ውል ጻፉ። በተለይ ሦስት ዓመት ያልሞላችሁ ሰዎች ይህን ነገር አትዝለሉት። በሁለተኛው ዓመት ላይ እሷ 400 ሺህ ብር አውጥታ፣ ቤቱ በእሱ ስም ቢሠራና ቢለያዩ፣ አንቀጽ 102 አይደርስላትም። ያላት አማራጭ ገንዘብ ማውጣቷን አስረድታ ድርሻዋን ወይም ገንዘቧን በፍትሐ ብሔር መጠየቅ ነው። ያለ ጽሑፍ ይህ ረጅም መንገድ ነው።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ መብት የሚሰጥ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል በሚያዋውል መሥሪያ ቤት ፊት መመዝገብ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ሰነዶች ማረጋገጫ ትሄዳላችሁ። ቤት ውስጥ በወረቀት ጽፎ መፈራረም ለቤት ድርሻ አይበቃም። ገንዘቡ ብድር ከሆነም ብድር መሆኑን ጻፉ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ያለ ጽሑፍ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው፤ ተበዳሪው ራሱ ችሎት ላይ ካላመነ በቀር የሰው ምስክር አይሰማበትም። ሁለት ምስክር አስፈርሙ። ምስክሮቹ ከሁለቱም ወገን ቢሆኑ ይመረጣል።

"ውል ስል አታምኚኝም ወይ ቢለኝስ?" የሚል ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁ። ይህ ነገር ብዙ ሰው ያቆማል። እኔ የምመክረው መለያየትን ሳይሆን ሞትን እንድታነሱ ነው። "እኔ ብሞት ወንድሞቼ አንተን እንዳያስወጡህ" ብላችሁ ጀምሩ። እውነቱም ይኸው ነው። አብዛኛው ክርክር የሚነሳው ከዘመድ ጋር ነው።

5. ልጅ ሲወለድ

እዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ውስጥ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ይናገራል። የአባቱን ስም፣ ቀለብና ውርስ ያገኛል። "ዲቃላ" የሚል ቃል በሕግ ፊት ትርጉም የለውም፤ በቤታችንም ባይኖረው እመርጣለሁ።

ልጁ ሲጸነስ ወይም ሲወለድ እናቱ ከአንድ ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ትኖር ከነበረ፣ አባቱ ያ ሰው ነው ተብሎ ይወሰዳል። ያም ሆኖ ነገሩን ለክርክር አትተዉት። ልጁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ሁለታችሁም ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። አባት በአካል ቀርቦ ይፈርም። አባት "ልጄ ነው" ብሎ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በኑዛዜ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ ቢያምን ይጸናል።

አባት ካደ? እናት ፍርድ ቤት አባትነቱ እንዲታወቅ መጠየቅ ትችላለች። አብሮ መኖር፣ የአባት ደብዳቤዎች፣ ለልጁ ወጪ ማድረግ፣ ሁሉም ማስረጃ ናቸው። የዘረ መል ምርመራም ይታዘዛል። ቀለብ ደግሞ ከሁለታችሁ መለያየት ጋር አይያያዝም። የንብረት ክርክሩ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ለብቻው፣ ቶሎ ጠይቁ።

6. ኑዛዜ ጻፉ

ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። በአገራችን ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ሰማንያ ያላት ሚስት እንኳን የባሏ ወራሽ አይደለችም። ከጋራው ንብረት ግማሿን ትወስዳለች። የሟች ግማሽ ለልጆቹ ይሄዳል። ልጅ ከሌለው ለወላጆቹ፣ እነሱም ከሌሉ ለእህት ወንድሞቹ። ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ሰዎችም ከዚህ የተሻለ አያገኙም። ስለዚህ ከግማሽ ድርሻ በላይ ለምትወዱት ሰው መተው ከፈለጋችሁ መንገዱ ኑዛዜ ነው።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑም እዚያው ላይ ይጻፋል። ከዚያ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። "ተነበበ" የምትለው ቃል በመጉደሏ ብቻ የፈረሱ ኑዛዜዎች አሉ። የሚጠቀመው ሰው ምስክር አይሁን።

በራስ እጅ የሚጻፍ ኑዛዜም አለ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ እጅ መጻፍ አለበት። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር። እያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ይኑረው። ይህን ዓይነቱን መሳቢያ ውስጥ ረስታችሁ አታስቀምጡ። በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።

ልጆች ካሉ ድርሻቸውን አትዘንጉ። ልጅን በዝምታ የሚያልፍ ኑዛዜ ለክርክር በር ይከፍታል።

7. ከተለያያችሁ ወይም አንዳችሁ ከሞታችሁ

አብሮ መኖርን ለማቆም የፍቺ ውሳኔ አያስፈልግም። አንዱ በቃኝ ካለ በቃ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ በሽማግሌ ሞክሩ። ከተስማማችሁ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉና አስመዝግቡ። ካልተስማማችሁ ግን ጊዜ አትስጡ፤ በዚያ መሀል ንብረት ይሸጣል። አንዱ ወገን "ያላገባ" ወረቀት ይዞ ሄዶ ቤቱን ለሦስተኛ ሰው ሊያዛውር ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እግድ ነው።

አዲስ አበባ ከሆናችሁ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ትሄዳላችሁ። አቤቱታችሁ ላይ እነዚህን ጻፉ። ከመቼ እስከ መቼ አብራችሁ እንደኖራችሁ። የንብረቱን ዝርዝር፤ የቤት ቁጥር፣ የመኪና ሰሌዳ፣ የባንክ ሒሳብ። ልጆች ካሉ የልጆቹን ነገር። መጨረሻ ላይ የምትጠይቁትን ዳኝነት። በባህል የተጋባችሁ የሚያስመስል ነገር ካለ፣ ጋብቻ መኖሩ እንዲረጋገጥላችሁ ጠይቁና "በአማራጭ" ብላችሁ አብሮ መኖሩ እንዲረጋገጥ ጨምሩ። ይህችን "በአማራጭ" የምትል ቃል ብዙ ሰው ይረሳታል። ጋብቻው ካልተረጋገጠ ሁሉም ነገር ውድቅ ይሆንና እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከአቤቱታው ጋር የእግድ ማመልከቻ በቃለ መሐላ አያይዙ። ፍርድ ቤቱ ካመነበት ለይዞታ ምዝገባ፣ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ወይም ለባንኩ ትእዛዝ ይጽፋል። ትእዛዙን ራሳችሁ አድርሱ፣ ገቢ መሆኑንም አረጋግጡ።

ምስክር ስትመርጡ ቤታችሁ ገብቶ የበላ ሰው ይሁን። "ሲባል ሰምቻለሁ" የሚል ሰው አይጠቅምም። አከራይ፣ የእድር ዳኛ፣ የነፍስ አባት፣ ቤቱን የሠራው ግንበኛ። ግንበኛው ሲሚንቶ ማን እንደከፈለ ያውቃል።

ውሳኔ ሲሰጥ የጋራው ንብረት እኩል ይከፈላል። በዓይነት መከፈል ካልቻለ አንዱ ለሌላው ገንዘቡን ይሰጣል፣ ካልሆነ ተሸጦ ይከፈላል። ቤት በሐራጅ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ፤ እስከዚያ ሳትደርሱ ግምት አስወጥታችሁ ለመስማማት ሞክሩ።

በሞት ጊዜ ተከሳሾቹ ወራሾቹ ይሆናሉ። ሐዘን ላይ ናችሁ፣ ገብቶኛል። ግን ከቤቱ አትውጡ። "አርባው ይውጣና እንነጋገራለን" ተብላችሁ ቁልፍ አታስረክቡ። ምንም ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ። ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ያ ማስረጃ የእናንተን ግማሽ አይጨምርም። የጋራ ድርሻችሁ መጀመሪያ ይወጣል፣ ውርስ የሚባለው ቀሪው ነው።

ለጠበቃ አቅም ከሌላችሁ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። የዳኝነት መክፈያ ካጣችሁ በደሃ ደንብ እንድትከራከሩ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ። አታፍሩ፣ ሕጉ ያወቀው መብት ነው።

8. ዱላ ካለ

"ሚስቱ አይደለሽም፣ ምን አገባው ፖሊስ" የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይም፣ ሳይጋቡ አብረው በሚኖሩ ሰዎች ላይም የሚፈጸምን ጥቃት በስም ጠርቶ ያስቀጣል። መጀመሪያ ራሳችሁንና ልጆቹን አውጡ። ከዚያ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። የሕክምና ማስረጃውን ጠይቃችሁ ውሰዱ። ለደኅንነት ብሎ ቤት መልቀቅ የንብረት ድርሻን አያሳጣም።

9. ውጭ አገር ያላችሁ

የምትኖሩበት አገር ሕግ እንደ እኛው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዋሺንግተን ዲሲ፣ ቴክሳስና ኮሎራዶ ያለ ወረቀት የሚመሠረት ጋብቻን ያውቃሉ። ተስማምታችሁ እንደ ባልና ሚስት ከኖራችሁ፣ ለሰውም እንደዚያ ከታያችሁ፣ ሳታውቁት ተጋብታችኋል። ያን ጊዜ መለያየት በቂ አይደለም፣ የፍርድ ቤት ፍቺ ያስፈልጋል። ከዲሲ ወጣ ብላችሁ ጎረቤቶቿ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ከኖራችሁ ግን ይህ አይሠራም። አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ጎረቤታሞች በተለያየ ሕግ ውስጥ ናቸው።

ስዊድን ያላችሁ "ሳምቦ" የሚባለው ሕግ ይመለከታችኋል። የሚከፈለው ለጋራ ኑሮ የተገዛው መኖሪያ ቤትና የቤት ዕቃ ብቻ ነው፤ መኪናና የባንክ ገንዘብ አይገቡም። ከተለያያችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ ክፍፍሉን መጠየቅ አለባችሁ። ኑዛዜ ከሌለም አትወራረሱም። እስራኤል ውስጥ "የዱዒም ባጺቡር" የሚባሉ አብረው የሚኖሩ ሰዎች፣ ሁለቱም ሌላ ትዳር ከሌላቸው፣ የመውረስ መብት አላቸው። እንግሊዝ አገር ደግሞ ስንት ዓመት ብትኖሩ ያለ ጋብቻ ባልና ሚስት አትሆኑም፤ ስማችሁ ቤቱ ላይ መኖሩን እዩ። ሳዑዲ ዐረቢያ ያላችሁ እህቶቼ፣ እዚያ ያለ ጋብቻ አብሮ መኖር ያሳስራል። የልጅም መዝገብ ጣጣ ይመጣል። ልብ በሉ።

10. በመጨረሻ ለመጋባት ከወሰናችሁ

እሰይ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ግን ማዘጋጃ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት በሕግ የግል ነው። ሁለት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ የሠራችሁት ቤት በአንዳችሁ ስም ከሆነ፣ ከሰርጉ በኋላ "ይህ ከጋብቻ በፊት የነበረኝ ነው" የሚል ክርክር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የጋብቻ ውል ጻፉ። በጽሑፍ ይሁን። አራት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ሁለቱ ከሙሽራው፣ ሁለቱ ከሙሽሪት ወገን። እዚያ ላይ የቤቱን ቁጥር ጠቅሳችሁ "የጋራ ነው" በሉ፣ አብራችሁ መኖር የጀመራችሁበትንም ቀን አስገቡ። አንዱን ቅጂ ለክብር መዝገብ ሹሙ ስጡ፣ ሌላውን ከሰማንያው ጋር አስቀምጡ።